አልጠፋ ያለ ሞተር፤ የናፍታ ትራክተር አልቆም ሲል ምን ሊደረግ ይገባል?

ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለው ገበሬ በአዲስ መሬት ላይ ሲሰፍር፣ እህል፣ ውሃና መጠለያ ካገኘ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ መሬቱ ከዝናቡ በፊት በምን ይታረስ? በሬዎቹ ወይ በድርቁ አልቀዋል፣ ወይም ችግሩ ሲበረታ ለቀለብ ተሽጠዋል። ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቆላ የወረደ ሰፋሪ በሬ ቢያገኝ እንኳ ብዙ ሳያርስበት ይቀራል፤ ፄፄ የተባለው ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በእነዚያ አካባቢዎች የቀንድ ከብትን አጥብቆ ይጎዳልና። በዚህም ምክንያት በሰፈራ ታሪክ ውስጥ ትራክተር የመንደሩ ሁሉ የዓመት ቀለብ የተንጠለጠለበት ነገር ሆኖ የቆየበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁኔታ ጎልቶ የታየው ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ በደረሰው ከባድ ድርቅና ረሃብ የተነሣ፣ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ክፍላተ ሀገር እንዲሰፍር ተደረገ። ዘመቻው በጥድፊያ የተካሄደ፣ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱበት፣ በበሽታና በድካም ምክንያትም የብዙ ሰው ሕይወት ያለፈበት ነበር። እንደ አሶሳ እና እንደ መተከሉ ጣና በለስ ባሉት ትልልቅ የሰፈራ ቦታዎች ጫካው በማሽን ተመንጥሮ መሬቱ በትራክተር ይታረስ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ይህ አሠራር በመቋረጡ ሰፋሪው በዶማና በተገኘው በሬ ለማረስ ተገደደ። ሰፋሪው ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ትራክተሩ በቆመ ቀን እርሻውም አብሮ እንደሚቆም ነው።

በትራክተር ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዳንዶቹ ሞተሩ አልነሣ ማለቱን የሚመለከቱ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያትተው ግን የእነርሱን ተቃራኒ ነው። ነጂው ሥራውን ጨርሶ ሞተሩን ለማጥፋት ቁልፉን ሲዘጋ ወይም ማጥፊያውን ሲስብ ሞተሩ አልጠፋም ይላል። አንዳንድ ጊዜ በዝግታ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይነካው ፍጥነቱ እየጨመረ፣ ድምፁ እየጮኸ፣ ጭሱ እየጠቆረ ወይም እየነጣ ይሄዳል። ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ በደረሰ ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፣ በድንጋጤ እጁን የሚሰድ ሰውንም ያጎድላል።

ቁልፍ የማይገዛው ሞተር

ብልሽቱን ለመረዳት በቤንዚንና በናፍታ ሞተር መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ከካንዴላ በሚወጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ብልጭታው ይቋረጣል፤ ሞተሩም ወዲያው ይጠፋል። የናፍታ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን አየር ከመጀመሪያው ይዘቱ ወደ 16ኛ እጅ ገደማ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍታው በፖምፓ ኃይል ተገፍቶ በኖዝል በኩል እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በአየሩ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ የናፍታ ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ለመሥራት ኤሌክትሪክ አይሻም። የሚሻው ሁለት ነገር ነው፤ የሚቃጠል ነገርና አየር። ከሁለቱ አንዱ እስካልተቋረጠበት ድረስ ቁልፉ ቢዘጋ፣ ባትሪው ቢነሣ፣ ሽቦው ሁሉ ቢበጠስ መዞሩን አይተውም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የናፍታ ሞተር የሚጠፋው ናፍታ ሲከለከል ነው፤ ናፍታ መከልከል ካልተቻለ ወይም ካልበቃ ደግሞ አየር ሲከለከል ነው።

የናፍታው መከልከያ በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራል። በብዙ ነባር ትራክተሮች ላይ ከነጂው መቀመጫ አጠገብ የሚሳብ እጀታ አለ። እጀታው በገመድ ሽቦ ወይም በዘንግ አማካይነት በናፍታው ፖምፓ ላይ ያለውን ትንሽ ማጥፊያ ክንድ ያዞራል፤ ፖምፓውም ናፍታ መግፋቱን ያቆማል። ነጂዎች «ማጥፊያው» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በሌሎች ላይ ሥራውን የሚፈጽመው ሶሌኖይድ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መዝጊያ ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚከፈት፣ ሲያጣ የሚዘጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚዘጋ ነው። ልዩነቱ በጥገና ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በተገጠመለት ትራክተር ላይ ሽቦው ከሶሌኖይዱ ቢነቀል ሞተሩ ይጠፋል። ሁለተኛው ዓይነት ባለበት ትራክተር ላይ ግን ባትሪው የደከመ ወይም ሽቦው የተበጠሰ እንደሆነ ሞተሩን ማጥፋት አይቻልም። ስለሆነም እያንዳንዱ ነጂ የሚነዳው ትራክተር ከሁለቱ የትኛው እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅና ማወቅ ይገባዋል።

ሦስቱን ሁኔታዎች ለይቶ ማወቅ

አንደኛው ሁኔታ፣ ሞተሩ በልኩና በተለመደው ድምፅ እየሠራ ማጥፊያውን ብቻ አልታዘዝ ያለ እንደሆነ ነው። የነዳጅ መስጫው ሲቀነስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲጨመርም ይጨምራል። ይህ የማጥፊያው መሣሪያ ብልሽት እንጂ የሞተሩ አይደለም፤ አስቸኳይ አደጋም የለበትም።

ሁለተኛው ሁኔታ፣ በፖምፓው ውስጥ የናፍታውን መጠን የሚወስነው ዘንግ ብዙ ናፍታ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ሲነክስ፣ ወይም ገቨርነር የተባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲሰበር የሚደርሰው ነው። ሞተሩ ነጂው ሳያዝዘው ይፈጥናል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ በአብዛኛው ጥቁር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ሞተሩ ከፖምፓው የማያገኘውን ሌላ የሚቃጠል ነገር ከአየሩ ጋር ወይም ከውስጡ እየሳበ መመገብ ሲጀምር ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ምግብ የራሱ የሞተር ዘይት ነው። ዘይት በታመቀ ሙቅ አየር ውስጥ ልክ እንደ ናፍታ ይቀጣጠላል። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የበለጠ ዘይት ይስባል፤ የበለጠ ዘይት ባገኘ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል። ጭሱ ወፍራም፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነው። በዚህ ጊዜ የናፍታው መንገድ ሁሉ ቢዘጋ ፋይዳ የለውም፤ ሞተሩ የሚኖረው በናፍታው አይደለምና።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ያህል፣ በብዙ የኢትዮጵያ እርሻዎች ላይ የሠራውን ቤላሩስ 80 ትራክተር መውሰድ ይቻላል። ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 80 የፈረስ ጉልበት የሆነው ይህ ትራክተር ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር ነው። ገቨርነሩ ከዚህ ብዙም እንዳያልፍ ይጠብቀዋል። በራሱ ዘይት የሚሠራ ሞተር ግን ጠባቂ የለውም። ከልኩ ሲያልፍ የሞተሩ ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ይሰበራል፤ ስባሪውም የሞተሩን አካል በስቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁኔታ ያለው ጊዜ በሰኮንድ የሚቆጠር ነው።

በመጀመሪያው ደቂቃ መደረግ ያለበት

ሞተሩ በልኩ እየሠራ አልጠፋም ካለ ነጂው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይቀንስ። ከዚያ ወርዶ፣ ከሚዞሩት ቀበቶና ማራገቢያ ልብሱንና እጁን አርቆ፣ በፖምፓው ላይ ያለውን የማጥፊያ ክንድ በእጁ ያዙር። ብዙ ጊዜ ሞተሩ በዚህ ይጠፋል፤ ጉድለቱም ገመዱ ላይ መሆኑ በዚያው ይታወቃል። ክንዱ የማይደረስበት ከሆነ ከናፍታው ታንክ በታች ያለውን መዝጊያ ይዝጋ። በቧንቧውና በማጣሪያው ውስጥ የቀረው ናፍታ እስኪያልቅ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ሊሠራ ስለሚችል መታገሥ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የጠፋ ሞተር በናፍታው መስመር ውስጥ አየር ስለሚገባበት እንደገና ከመነሣቱ በፊት በእጅ ፖምፓው አየሩን ማውጣት ግድ ነው።

ሌላው ዘዴ ሞተሩን በጭነት ማፈን ነው። ይህ የሚደረገው ሞተሩ በዝግታ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። ነጂው በፊትም ሆነ በኋላ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቢለቅ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ሞተሩ ከልክ በላይ ከፈጠነ በኋላ ግን ይህን መሞከር ትራክተሩን ወደ ፊት ሊያስፈነጥረው ስለሚችል መተው አለበት።

ሞተሩ በራሱ መፍጠን ከጀመረ ነጂው መጀመሪያ ማጥፊያውን ይሳብ። ሞተሩ ወዲያው ካልታዘዘ ሁለተኛ ሙከራ ሳያደርግ ወደ አየሩ ይሂድ። የአየር ማስገቢያውን አፍ ከቱቦው በሰፋ ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር፣ በተለይም በወፍራም ሳንቃ፣ አጥብቆ መክደን ነው። አየር በደንብ ከተከለከለ ሞተሩ በሰኮንዶች ውስጥ ይታፈናል። በአካባቢው የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ካለ አፉን ወደ አየር ማስገቢያው አድርጎ መልቀቅም ሞተሩን ያፍነዋል። ሳንቃውን የያዘው ሰው ከሞተሩ ጎን፣ በተለይም በሞተሩ ጀርባ ከሚዞረው ከባድ ቮላኖ ትይዩ እንዳይቆም ይጠንቀቅ። ሌሎች ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ለማየት የሚሰበሰቡት ሕፃናት፣ በፍጥነት እንዲርቁ ይደረግ።

አየሩን መክደን ካልተቻለ ወይም ሞተሩ የብረት መጋጨት ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ የሚቀረው ሸሽቶ መራቅ ነው። ሞተር ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች

የአየር ማስገቢያውን በእጅ መክደን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሞተሩ ስበት መዳፍን አጣብቆ ሊይዝና ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ኮት፣ ጋቢ፣ ጆንያ ወይም ስስ ፕላስቲክም አይሆንም፤ ሞተሩ ወደ ውስጥ ይስበዋልና።

ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች በሚሠራ ሞተር ላይ መፍታት አደገኛ ነው። በእነርሱ ውስጥ ያለው ናፍታ ግፊቱ ከ150 አትሞስፌር ስለሚበልጥ እንደ መርፌ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበት አደጋ ነው። ከዚህም ሌላ የተረጨው ናፍታ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የባትሪውን ሽቦ መንቀልም ሞተሩን አያጠፋውም፤ ትርፉ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል ማቃጠል ነው። በጋለ ሞተር ላይ ውሃ መድፋትም ብረቱን ከመሰንጠቅ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ከቆመ በኋላ መንስኤውን መፈለግ

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያው ደንብ «እስቲ እንደገና እንሞክረው» አለማለት ነው። መንስኤው ሳይታወቅ የተነሣ ሞተር ያንኑ ይደግማል። ምርመራው ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ጀምሮ በቅደም ተከተል ቢካሄድ ይመረጣል።

በቅድሚያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይታይ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ትልቅ ፍንጭ ተገኝቷል ማለት ነው። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በሚዞረው ዘንግ እየተመታ ወደ ሲሊንደሮቹ ግድግዳ ይረጫል፤ በሞተሩ መተንፈሻ በኩልም ወደ አየር ማስገቢያው የሚመለስባቸው ሞተሮች አሉ። ቀጥሎ ዘይቱ ይሸተት። ናፍታ ናፍታ ከሸተተና ከቀጠነ የበዛው ሰው ጨምሮበት ሳይሆን ናፍታ እየገባበት ነው። ይህም የሚሆነው ናፍታውን ከታንክ የሚስበው ትንሽ ፖምፓ ሽፋኑ ሲቀደድ ወይም የዋናው ፖምፓ ክፍሎች ሲያልቁ ነው። እንዲህ ያለውን ዘይት ቀንሶ መሥራት አይበቃም፤ የሚያፈሰው ክፍል ተጠግኖ ዘይቱ በሙሉ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። በብዙ ነባር ትራክተሮች ላይ አቧራው የሚያዘው በዘይት ገንዳ ውስጥ ነው። በገንዳው ላይ እስከ የት እንደሚሞላ የሚያሳይ ምልክት አለ። አቧራ በበዛበት ጊዜ «ይበልጥ ያጣራል» በማለት ከምልክቱ በላይ የሚሞሉ ነጂዎች አይጠፉም። ትርፉ ዘይቱ በአየሩ ተስቦ ወደ ሞተሩ መግባቱ ነው። ትራክተሩ በጣም ባዘነበለ ዳገት ላይ ሲሠራም ይኸው ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ ያለው ከሆነ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ይፈታና ውስጡ ይታይ። በዘይት ከራሰ የተርቦው ዘይት ማገጃ አልቋል ማለት ነው። ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ደግሞ ጋራዦች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ያለቁ ከሆነ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከመተንፈሻው ብዙ ጭስ ሲወጣ መቆየቱ ይታወሳል። ለዓመታት «ዘይት ይበላል» እየተባለ ዘይት ሲጨመርለት የኖረ ሞተር የዚህ አደጋ እጩ ነው።

አራተኛ፣ ዘይቱም ማጣሪያውም ደህና ከሆኑ የማጥፊያው መሣሪያ ይመርመር። አንድ ሰው እጀታውን ሲስብ ሌላው በፖምፓው ላይ ያለውን ክንድ ይመልከት። ክንዱ እስከ መጨረሻው ካልዞረ ገመዱ ተዘርዝሯል፣ ዝጓል ወይም ማሰሪያ ብሎኑ ላልቷል። ሶሌኖይድ ያለው ከሆነ ቁልፉ ሲከፈትና ሲዘጋ የመምታት ድምፅ መስማት ያስፈልጋል። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚዘጋው ዓይነት ሆኖ ቁልፉ ተዘግቶም ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ከሆነ ጉድለቱ በቁልፉ ወይም በሽቦው መስመር ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ክንዱ በትክክል እየዞረም ሞተሩ የማይጠፋ ከሆነ ጉድለቱ በፖምፓው ውስጥ ነው። የናፍታ ፖምፓ ክፍሎች ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ልክ የተገጣጠሙ ስለሆኑ በሜዳ ላይ መፈታት የለባቸውም። መለኪያ ወንበር ወዳለው ጋራዥ መላክ አለባቸው።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል?

የተዘረዘሩት መንስኤዎች በየትኛውም እርሻ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። በሰፈራ ጣቢያዎች ግን የሚያባብሷቸው ሁኔታዎች አሉ። ናፍታው በበርሜል ተጭኖ በረጅም የአቧራ መንገድ ይመጣል። በርሜሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ከዋለ በክዳኑ ዙሪያ የተጠራቀመው ውሃ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ከናፍታው ጋር ወደ ፖምፓው ሲደርስ የናፍታውን መጠን የሚወስነውን ዘንግ ያዝገዋል። ከእርሻው ወራት በኋላ ለወራት የቆመ ትራክተር ለቀጣዩ እርሻ ሲነሣ ዘንጉ ነክሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በርሜሎች በጥላ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ፣ ናፍታው ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነቃነቅ እንዲዘቅጥ ማድረግ፣ ከበርሜሉ ግርጌ ያለውን አለመቅዳት፣ በንጹሕ ማጣሪያ አሳልፎ መሙላት፣ የትራክተሩን ታንክ ጧት ሳይሆን ማታ ሥራ ሲያበቃ መሙላት ይገባል። ባዶ ታንክ ሌሊት በውስጡ ጤዛ ይፈጥራልና። የናፍታ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃም በየጊዜው ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ሌላው መንስኤ የሰው አሠራር ነው። እርሻ በሚጣደፍበት ወቅት አንድ ትራክተር ቀንና ሌሊት በሁለት ነጂዎች ይሠራል። እንበልና የሌሊቱ ነጂ ዘይት ጨምሮ ሳይናገር ሄደ። የቀኑ ነጂም ጧት ትራክተሩ ተዳፋት ላይ እንደ ቆመ ዘንጉን አይቶ ዘይቱ የጎደለ መሰለውና ደገመበት። ረፋዱ ላይ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲያርስ ነጭ ጭስ ለቆ መጮህ ይጀምራል። ነጂው ቁልፉን ይዘጋል፤ ማጥፊያውን ይስባል፤ ሁለቱም አይሰሙም። በዚህ ጊዜ አየሩን መክደን እንዳለበት ካላወቀ፣ ወይም አውቆም የሚከድንበት ነገር ከአጠገቡ ካጣ፣ ሁለት ሊትር ትርፍ ዘይት አንድ ሞተር ይበላል። የታረሰው ማሳ በከፊል ይቀራል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅም።

ለዚህ መከላከያው በእያንዳንዱ ትራክተር ላይ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። የጨመረው ዘይት መጠንና ሰዓት ይጻፍበታል። ዘይት የሚለካው ትራክተሩ በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ በኋላ ብቻ መሆኑን ሁሉም ነጂ ይወቅ። የዘይቱ መጠን ያለምክንያት ከጨመረ «ዘይት ቆጠበልን» ተብሎ የሚያስደስት ሳይሆን ሞተሩን አቁሞ የሚያስመረምር ነገር ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ትራክተር የአየር ማስገቢያውን አፍ የሚከድን ልክ ያለው ሳንቃ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ፊቱ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቢለበድበት አየሩን ይበልጥ ይከለክላል። ከነጂው መቀመጫ ኋላ ይሰቀል። የአየር ማስገቢያው ራስ ብዙ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ለመክደን የማያመች ከሆነ፣ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ በየት በኩል በፍጥነት ሊነቀልና ሊከደን እንደሚችል ሞተሩ በጠፋበት ጊዜ ተሞክሮ ይታወቅ። አዲስ ነጂ ሲሠለጥን እንዴት እንደሚያስነሣ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ ማጥፊያው ባይሠራ ምን እንደሚያደርግ በተግባር እንዲያሳይ ይደረግ።

ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በክልሎች ውስጥ በተካሄደው ሰፈራም ሆነ ከዚያ በፊት በነበረው የታየው አንድ ነገር ነው። መሣሪያ ማምጣት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ውስጥ ማፍራት ነው። ባለሙያው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ የሚጠበቅበት መንደር ሞተሩ ሲጮህ የሚመለከት እንጂ የሚያስቆም የለውም። ከሰፋሪዎቹ መካከል ሁለትና ሦስት ወጣቶች ናፍታ ሞተር በቁልፍ እንደማይጠፋ ካወቁ፣ ሳንቃውም በቦታው ከተሰቀለ፣ ለአንድ ደቂቃ የሚበቃ ዕውቀት የአንድ ዓመት አዝመራ ያድናል።